የጓሮ አትክልትን ወደ ደጅ ማውጣት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች

ጥፋቱ ከስሙ ይጀምራል። «የጓሮ አትክልት» እንላለን። ጓሮ ማለት ከቤቱ ኋላ፣ የማገዶው ክምርና የተሰበረው ወንበር ያለበት ቦታ ነው። ጎመኑ እዚያ ይተከላል። ደጁ ላይ ጽጌረዳና የፈረንጅ ጥድ ይደረጋል። እንግዳ የሚገባው በደጅ ስለሆነ ጎመኑን ማንም አያየውም። ባለቤቱም አያየውም። ስለማያየው ማጠጣት ይረሳል፣ ትዝ ሲለው ትል ጨርሶታል።

እኔም ስንት ዓመት እንደዚሁ ነበርኩ። ቤታችን ደሴ ነው፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ። አንድ ነሐሴ ላይ ዝናቡ የጓሮውን ካብ ናደውና መደቡን ድንጋይ በድንጋይ አደረገው። የተረፉትን የሀበሻ ጎመን ችግኞች ነቅዬ፣ እስኪስተካከል ብዬ ደጅ ከጽጌረዳው መሃል ሰካኋቸው። ጥቅምት ላይ ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። ትልቅ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ቅጠል ምን የሚሉት አበባ ነው?» አሉኝ። ጎመን ነው ስላቸው በሳቅ ሞቱ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስከትፈው ኖሬ መልኩን ዛሬ ገና አየሁት!»

ጎመኑ ወደ ጓሮ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ደጁን ሦስቴ አፍርሼ ሠርቼዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ከነስህተቴ ያገኘሁት ነው።

መጀመሪያ፦ ዶማውን አስቀምጡት

አንድ ሳምንት ምንም አትቆፍሩ። ፀሐይዋን ብቻ ተከተሉ። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ደጅ ወጥታችሁ ጥላው የት እንደደረሰ እዩ። ጠርዙን በአመድ አስምሩት። ሦስቱ መስመር ሲሰመር ግቢያችሁን ታውቁታላችሁ። በቀን ውስጥ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለፍራፍሬ ነው። አራት ሰዓት ያህል የሚያገኘው ለጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለሰላጣና ለናና ይበቃል። ከዚያ በታች የሆነውን ለወንበር ተዉት።

ደሴ ላይ አንድ ጣጣ አለ። ጦሳ በምዕራብ በኩል ስለቆመ ከሥሩ ያለን ሰዎች ፀሐይ ቶሎ ትጠልቅብናለች። ለእኛ የጠዋቷ ፀሐይ ናት ዋናዋ። መደቡን ምሥራቅ የሚያይ ቦታ ላይ አድርጉት።

ሌላም አለ። በበጋ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ረጅም ተክል በደቡብ ጠርዝ ላይ ከቆመ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያጠላበታል። ስለዚህ ረጃጅሙ በሰሜን፣ አጫጭሩ በደቡብ ይሁን።

ከፀሐይዋ ቀጥሎ ዓይናችሁን ተከተሉ። ቡና የሚፈላበት ቦታ ተቀመጡና ዓይናችሁ የት እንደሚያርፍ እዩ። ያማረው መደብ የሚሠራው እዚያ ነው። እኔ የመጀመሪያውን መደብ አጥር ጥግ ሠርቼው ነበር። ሳሎን ተቀምጬ የሚታየኝ የሮቶው ማቆሚያ ብረት ብቻ ነበር። ሦስቴ አፍርሻለሁ ካልኳችሁ አንዱ ይሄ ነው።

ሁለተኛ፦ ሐረጎን አትርሱ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ግን ጃኬት ታወልቃላችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ወደ ላይ ስትወጡ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ ያለ ሙቀት ይቀንሳል። ተደምሮ 4 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ለሰው የጃኬት ጉዳይ ነው። ለፓፓያ የመኖርና ያለመኖር ነው።

እህቴ ኮምቦልቻ ትኖራለች። ፓፓያ ተክላ በዓመት ከምናምኑ መብላት ስትጀምር ቀናሁና ከዘሩ ወስጄ ደሴ ተከልኩ። እስከ ጉልበቴ አደገ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስወጣ እንደተቀቀለ ጎመን ተንጠልጥሎ አገኘሁት።

ደሴ ላላችሁ፦ የሀበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላ፣ አተር፣ ተልባ፣ እንጆሪ፣ ጦስኝ። ከዛፍ አፕል፣ ኮክና ፕሪም። ቲማቲም ካማራችሁ ወደ ደቡብ የሚያይ የድንጋይ ግድግዳ ሥር ትከሉት። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ የሌለበት ማታ ከሆነ ጆንያ አልብሱት፣ ጠዋት ግለጡት። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ ብርዱ እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ዝቅ ያለው ጥግ ላይ እንደሚተኛም አስታውሱ። ለብርድ የሚሳሳ ተክል እዚያ አይተከልም።

ኮምቦልቻ ላላችሁ ደግሞ ዕድላችሁ ሰፊ ነው፦ ፓፓያ፣ ሎሚ፣ ዘይቱን፣ አቮካዶ፣ ቡና፣ ሙዝ፣ ስኳር ድንች፣ በሶብላ፣ ቃሪያና ቲማቲም እንደ ልብ። ፓፓያ ከዘር ስትተክሉ በአንድ ጉድጓድ ሦስት አድርጉ። ወንድና ሴት አለው። ሲያብብ አበባው በረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ የሚወጣው ወንዱ ነው። እሱን ቀንሱ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ይበቃል።

ሦስተኛ፦ ምሰሶ፣ ማገር፣ ልስን

ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል። መጀመሪያ ምሰሶው ይቆማል፣ ከዚያ ማገሩ ይመታል፣ ልስኑ መጨረሻ ነው። ብዙዎቻችን ደጃችንን ስንተክል ከልስኑ እንጀምራለን። ሰላጣና ቆስጣ እንዘራለን፣ ሁለት ወር ያምራል፣ ይበላል፣ ከዚያ ባዶ መሬት ይቀራል። «ጎመን ደጅ አያምርም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ምሰሶው ዓመቱን ሙሉ የሚቆመው ነው። ደሴ ላይ የእኔ ምርጫ ጌሾ ነው። ጠላ የማይገባበት ቤት እንኳን ቢሆን ጌሾ ይተከል እላለሁ። ቅጠሉ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። አይረግፍም፣ ሲከረከም አያኮርፍም። በየ60 ሳንቲ ሜትር በረድፍ ተክላችሁ በዓመት ሁለቴ ከከረከማችሁት ጥድን የሚያስንቅ አጥር ይወጣዋል። ቅጠሉን ለሚጠምቅ ጎረቤት ትሸጣላችሁ፣ ካልሆነም ትሰጣላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ቡና ምሰሶ ይሁን። ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል፣ ነጭ አበባ፣ ከዚያ ቀይ ፍሬ አለው። ትንሽ ጥላ ይወዳልና ከሎሚው ወይም ከአቮካዶው ሥር አስጠጉት።

አፕል የሚተክል ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። እኔ ከአንድ ችግኝ ሻጭ አንድ ችግኝ ገዛሁ። ዓይነቱን ብጠይቅ «አፕል ነው አቦ፣ አፕል!» ተባልኩ። ሁለት ዓመት አበባውን ብቻ ሲያሳየኝ ከረመ። በኋላ እንደገባኝ አፕል ብቻውን በደንብ አያፈራም። አብሮት የሚያብብ ሌላ ዓይነት አፕል አጠገቡ ይፈልጋል። በእኛ አገር ብዙ የተለመዱት አናና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት፣ ብዙ ብርድ የማይፈልጉት ናቸው። እነሱ ደግሞ እርስ በርስ ይዳቀላሉ። አንድ አንድ ግዙ፤ ስሙን መናገር ካልቻለ ሻጭ አትግዙ።

ማገሩ ጠርዝ ጠርዙን የሚይዘው ቁጥቋጦና ቅጠላ ቅጠል ነው። የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ ጠጅ ሳር፣ ጦስኝና ኮሰረት እዚህ ይገባሉ። መደቡን እንደ ጥለት ይከቡታል። ውስጡ ባዶ በሆነበት ወር እንኳን ጠርዙ ከቆመ ዓይን አይቀየምም።

ከሁሉም የጥብስ ቅጠልን አብልጬ እወዳለሁ፣ ሮዝመሪ የምንለውን። ችግኝ አትግዙ። ከጎረቤት አሥር ያልጠነከሩ ጫፎች ለምኑ፣ እያንዳንዱ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ግፈፉ። ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር በሞላ ጣሳ ውስጥ ሰክታችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት። አልመጣም ካለ ሥር ሰድዷል። ከዚያ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ጠርዙ ላይ ትከሉት። በዓመቱ አንድ ወጥ ዝቅተኛ አጥር ይሆናል፣ ለጥብስ በተቀነጠሰ ቁጥርም ይከረከማል።

ጤና አዳምን ከውጭ በር አጠገብ ትከሉ። ቡና ሲፈላ አንድ ቅርንጫፍ የሚለምን ጎረቤት ሁሌም አለ፣ ደሴ ውስጥ እምቢ የሚል ሰው ደግሞ ያለ አይመስለኝም። በር ላይ ከሆነ ሰው መደቡን ሳይረግጥ ይቀነጥሳል። ብዙ ስትቆርጡ ግን ጓንት አድርጉ። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል።

ናና ማገር አይሆንም። መሬት ከገባ ሥሩ ከሥር ከሥር ሄዶ ሁሉን ይወርሳል። በባልዲ ውስጥ ይኑር።

አራተኛ፦ መደቡ

የመደብ ስፋት የሚወሰነው በእጃችሁ ርዝመት ነው። ከሁለት በኩል የምትደርሱበት መደብ ከ1.20 ሜትር አይብለጥ። ግድግዳ የተጠጋ ከሆነ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ለመተላለፊያ 50 ሳንቲ ሜትር ተዉ፤ የእጅ ጋሪ የሚገባበት መንገድ ከሆነ ግን 90 ይሁን። መደቡን ከመሬት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። የደሴ ክረምት ዝቅ ያለ መደብን ኩሬ ያደርገዋል። ሥር ደግሞ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል።

ጠርዙን በድንጋይ ክበቡት። እኛ ዘንድ የማይጠፋው ድንጋይ ነው፤ ከመንገድ ሥራ የተረፈ ኮብልስቶን ካገኛችሁማ በጣም ያምራል። ጠርሙስ ገልብጠው የሚደረድሩም አሉ። አንድ ቀን ልጅ ይወድቅበታል ብዬ ስለምፈራ እኔ አልወደውም።

አፈሩ ሁለት እጅ የግቢ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ይሁን። አፈሩ ሲረጥብ የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ዋልካ ከሆነ ግማሽ እጅ አሸዋ ጨምሩ። ፍጉ ካልበሰለ ችግኙን ያቃጥለዋል። መብሰሉን በእጃችሁ እወቁት፦ ስትጨብጡት ካልሞቀ፣ ስታሸቱት የበረት ሽታው ጠፍቶ የዝናብ አፈር ከሸተተ ደርሷል።

ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ፣ ደሴ ላይ ያልሆነው ጥቂት ነው፣ መደቡን በእርከን ሥሩት። ካቡን እንዲህ ነው የምትክቡት። መሠረቱን 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። ትልልቁን ድንጋይ ከታች አኑሩ። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ሁለት ድንጋዮች መገናኛ ላይ ይረፍ። ካቡ ቀጥ ብሎ አይቁም፣ ወደ ተራራው ዘንበል ይበል፤ ለ60 ሳንቲ ሜትር ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል። ከኋላው ጠጠር ሙሉበት። በሲሚንቶ አትድፈኑት። ውሃው በድንጋዩ መሃል መውጫ ካጣ ካቡን ገፍቶ ይጥለዋል። የእኔ ጓሮ የተናደው እንደዚህ ነው፣ አሳምሬ በሲሚንቶ ለስኜው ነበር። ከአንድ ሜትር በላይ ከፍታ ካስፈለገ ደግሞ ግንበኛ ጥሩ። እዚህ ከተማ መሬት ሲንሸራተት ያየ ሰው በዚህ አይቀልድም።

በደረቅ ካብ ክፍተት ውስጥ ጦስኝና እንጆሪ ሰክታችሁበት እዩ። እንጆሪው ወደ ታች ይንጠለጠላል። ፍሬው አፈር ስለማይነካ አይበሰብስም፣ ቀንድ አውጣም እንደ ልቡ አይደርስበትም።

አምስተኛ፦ ልስኑን በመልክ ምረጡት

አሁን ነው ደስታው። ዘር ስትገዙ ዋጋውንና ጣዕሙን ብቻ ሳይሆን የቅጠሉን ቀለምና ቅርጽ አስቡ። አረንጓዴ አንድ ቀለም አይደለም። የሀበሻ ጎመን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሰላጣ ወደ ቢጫ ያደላል። ቆስጣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ አንገቱ ነጭ ነው። የቀይ ሥር ቅጠል ደም ሥሩ ቀይ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ከኋላው ስትመታው እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ያበራል። የካሮት ቅጠል እንደ ዳንቴል ነው። ነጭ ሽንኩርት እንደ ሰይፍ ቀጥ ይላል።

ጥበቡ ተቃራኒን ማጎራበት ነው። ሰፊ ቅጠል አጠገብ ረቂቅ፣ ክብ አጠገብ ቀጥ ያለ፣ ሰማያዊ አጠገብ ቀይ። ጎመንና ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ካሮት፣ ሰላጣና ነጭ ሽንኩርት። እንስላል የትም ብትሰኩት ያምራል፣ እንደ ጢስ ነው።

ሁለተኛው ነገር በቡድን መትከል ነው። አንድ ጎመን፣ አንድ ቆስጣ፣ አንድ ቃሪያ እያሉ መበተን መደቡን የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ያስመስለዋል። አምስት ሰባት አንድ ዓይነት ተክል በአንድ ላይ ይሁን። ከዚያ ያው ቡድን ራቅ ብሎ ይደገም። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት የሚያምረው ስለሚደጋገም ነው።

አበባ ካልን ደግሞ የእህል አበባን የሚስተካከል የለም፣ ግን ንቀነዋል። ባቄላ ነጭ አበባው ላይ ጥቁር ነጥብ አለው፣ ሽታው ማታ ማታ በር ድረስ ይመጣል። የድንች አበባ ነጭም ሐምራዊም ነው። የጥቁር አዝሙድ አበባ ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። ተልባን ግን አንድ ጊዜ ደጃችሁ ላይ ዝሩት። ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ እፍኝ በትናችሁ በመኮትኮቻ ቸብ ቸብ አድርጉት። ሲያብብ ጠዋት መደቡ ሰማይ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ አበባው ረግፎ ታገኙታላችሁ፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ አዲስ ይፈካል። ለእንግዳ ማሳየት ከፈለጋችሁ ለቁርስ ጥሩት።

ወደ ላይ የሚወጣ ነገርም ያስፈልጋል። ሁለት ሜትር ቁመት ያላቸው አራት የባሕር ዛፍ አጣናዎች በአራት ማዕዘን ቸክሉና ጫፋቸውን አንድ ላይ እሰሩ። ከእያንዳንዱ ሥር ሦስት የሚሳብ ቦሎቄ ወይም አተር ዝሩ። ኮምቦልቻ ከሆነ በውጭ በር ላይ ቅስት ሠርታችሁ ፓሽን ፍሩት ልቀቁበት፤ አበባውን ያየ ሰው የተሳለ ነው ይላል። ዱባን ግን መደብ ውስጥ አታስገቡ። አንድ ዓመት አንዲት ዱባ ሰላጣዬን፣ ካሮቴንና የጎረቤቴን አጥር ይዛ ሄዳለች። ዱባ በአጥር ጥግ፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ።

አንድ ምሳሌ፣ 4 በ5 ሜትር ለሆነ የደሴ ደጅ

በሰሜን ጠርዝ የጌሾ ረድፍ። ከፊቱ በግራና በቀኝ ሁለቱ አፕሎች፣ በመካከላቸው ሦስት ሜትር። መሃል ላይ 90 ሳንቲ ሜትር መንገድ፣ ከውጭ በር እስከ በረንዳ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ 1.20 በ3 ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦች፣ እንደ መስታወት ተመሳሳይ። የመንገዱን ዳርና ዳር ይዞ የጥብስ ቅጠል። በእያንዳንዱ መደብ መሃል የቦሎቄው ድንኳን። ከድንኳኑ ዙሪያ ሰባት ጎመን በ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ከዚያ ቀይ ሥር በ10 ሳንቲ ሜትር፣ ከጠርዙ አጠገብ ሰላጣ በ25። በአንዱ ጥግ ጽጌረዳ ይቆይ፣ ማንም ክፉ ነገር አላሰባትም።

ቀይ ሥር ስትዘሩ አንድ ፍሬ የሚመስላችሁ ውስጡ ብዙ ዘር አለው። ተጨናንቆ ሲበቅል አንዱን ትታችሁ ሌላውን ንቀሉ። የተነቀለው ለሰላጣ ይሆናል። ካሮት በችግኝ አይተከልም፤ ሥሩ ሲነካ ይጣመማል። በቀጥታ ዝሩትና ሁለት ሳምንት ታገሡ። ደሴ ብርድ ላይ ከዚያም ይዘገያል። «ዘሩ ሞቷል» ብላችሁ እንዳትገለብጡት።

መጀመሪያ መቼ? መደቡን በጥር ሥሩ፣ አፈሩ ደረቅ ሆኖ ለሥራ ሲመች። በልጉ ከመጣ የካቲትና መጋቢት ላይ ቅጠላ ቅጠሉ ይገባል። ዛፍና አጥር ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ። መስከረም ላይ ደግሞ ዋናው ዘር፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ዝናቡ ሲሳሳ።

ኮንዶሚኒየም ላላችሁ

በረንዳም ደጅ ነው። ፀሐይ ካለው አንድ ማዳበሪያ ይበቃችኋል። ማዳበሪያ ስል ጆንያውን ነው፤ አማርኛችን ከረጢቱንም ውስጡ የነበረውንም በአንድ ስም ይጠራል። የ50 ኪሎውን ውሰዱ፣ አፉን ወደ ውጭ አጥፉት። ታችና ላዩ የተከፈተ የዱቄት ወተት ጣሳ ከታች መሃል ላይ አቁሙ። ጣሳውን ጠጠር ሙሉት፣ ዙሪያውን አፈር። ከዚያ ጣሳውን ወደ ላይ ሳቡት፣ ጠጠሩ እዚያው ይቆማል። እንደገና ጠጠር፣ እንደገና አፈር፣ አፉ ድረስ። መሃሉ ላይ የጠጠር ምሰሶ ይኖረዋል ማለት ነው። ውሃ በእሱ በኩል ታች ድረስ ይወርዳል፤ ያለ እሱ ላዩ ይጨቀያል፣ ታቹ ይደርቃል።

ሁለት ሦስት ቀን አጠጥታችሁ አፈሩ ሲረጋ ጎኑን በቢላ ብሱት፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትር፣ ረድፉ እያፈራረቀ። በየቀዳዳው የቆስጣ ወይም የሰላጣ ችግኝ አስገቡ፣ አናቱ ላይ ቃሪያና በሶብላ። በወሩ ጆንያው አይታይም። ክብደቱ ብዙ ነውና የሚቆምበትን ቦታ ሳትሞሉት ወስኑ። ከሥሩ ሰፌድ የሚያህል ሳህን አድርጉለት፣ ከታች ያለው ጎረቤት የጭቃ ውሃ ሲወርድበት አይወድም።

የ20 ሊትር ጀሪካን በቁመቱ ተቆርጦ እንደ ገበቴ ሲጋደም ለሰላጣና ለናና ጥሩ ነው። ሥሩን ብሱ። የኬሚካል ወይም የናፍጣ የነበረ ግን አይሁን።

ውሃ

የጣራን ውሃ ሒሳብ አንድ ጊዜ ሥሩት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። ጣራችሁ 40 ካሬ ከሆነ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 400 ሊትር ይሰጣችኋል፣ ሁለት በርሜል ሙሉ። አሸንዳ አሥሩ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራ አቧራ ይዞ ስለሚወርድ ልቀቁት፣ ከዚያ ያለውን ያዙ። በርሜሉን ክደኑ፣ ትንኝም ልጅም አይግባበት።

በበጋ ጠዋት አጠጡ።  አፈሩን በገለባ አልብሱት፣ ውሃው ይቆያል። ሰኔ ሲገባ ገለባውን አንሡት፣ ካለበለዚያ ቀንድ አውጣ ቤቱን ይሠራበታል።

ክሽክሽ ሲመጣ

በበጋ የጎመን ቅጠል ሥር ግራጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው። ትንሽ ከሆነ በጣት ደምስሱት። ከበዛ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡና ማታ ከቅጠሉ ሥር እርጩት፣ ጠዋት በንጹሕ ውሃ እጠቡት። በአራት ቀን ድገሙት። አጠገቡ ያበበ እንስላልና ድንብላል ካለ ክሽክሽ የሚበሉ ነፍሳት ይመጣሉ፣ ሥራው ይቀልላችኋል። አመድ መነስነስም ይረዳል፣ ግን በየሳምንቱ እየደፋችሁ አፈሩን አታበላሹት።

መንገድ ዳር ላይ ያለ ደጅ ከሆነ ሌላ ተባይም አለ፣ ፍየል። የዶሮ ሽቦ ከጌሾው ውስጥ ውስጡን ዘርጉ፣ ከውጭ አይታይም።

መቁረጥ

ደጁን የሚያበላሸው አቆራረጥ ነው። ጎመንና ቆስጣ ከሥር አይቆረጥም። የውጭውን ሁለት ሁለት ቅጠል ከእያንዳንዱ ውሰዱ፣ ልቡን ተዉ። ከሰባት ጎመን ሁለት ሁለት ቅጠል አሥራ አራት ነው፣ ለአንድ ምሳ ይበቃል፣ መደቡም የተነካ አይመስልም። ካሮትና ቀይ ሥር አንድ ረድፍ ሙሉ አትጨርሱ። ከዚህም ከዚያም ወፍራም ወፍራሙን እየመረጣችሁ ንቀሉ፣ የቀረው ይሰፋል።

ሰላጣ ግን ከሥሩ ነው የሚሄደው፣ ጉድጓዱም ይታያል። ለዚህ በረንዳው ሥር በተቆረጠ የውሃ ላስቲክ ውስጥ ሁሌም ስምንት አሥር ችግኝ አቆያለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ዘር እጨምራለሁ። አንድ ሰላጣ ስነቅል፣ እጄ አፈር እንደነካ፣ አንድ ችግኝ እዚያው እተካለሁና አንድ ጣሳ ውሃ አፈስበታለሁ።